አሮጌው ፎርድ ኢ-450 ሞተርሆም፦ ሞተሩ አያሳፍርም፣ የቤቱን ቮልት ግን ለክታችሁ ግዙ

በአሜሪካ ገበያ ከሚገኙት ያገለገሉ ሞተርሆሞች ብዙዎቹ ከጋቢናው በላይ አልጋ ያላቸው፣ «ክላስ ሲ» የሚባሉት ናቸው። ከ1997 ወዲህ ባሉት ዓመታት ከተሠሩት ውስጥ ደግሞ በርካቶቹ የተቀመጡት በፎርድ ኢ-350 ወይም ኢ-450 ሻንሲ ላይ ሲሆን፣ ሞተራቸው ባለ 6.8 ሊትር፣ ባለ አሥር ሲሊንደር ትራይተን ነው። ቤቱን የሠራው ዊኔባጎ ይሁን ጄይኮ ወይም ኮችመን፣ ከወለሉ በታች ያለው መኪና አንድ ነው። ከወለሉ በላይ ያለውም ቢሆን ከጥቂት አምራቾች የተገዛ ዕቃ ነው፦ ፍሪጁ ዶሜቲክ ወይም ኖርኮልድ፣ የቤት ማሞቂያው ሰበርባን ወይም አትዉድ፣ ጄኔሬተሩ ኦናን። ስለዚህ እዚህ የሚገመገመው የአንድ ኩባንያ ቤት ሳይሆን የመኪናው ዓይነት ነው።

በአጭሩ፣ መኪናው ይገዛል። ሞተሩና ትራንስሚሽኑ በሥርዓት ከተያዙ ረጅም ዕድሜ አላቸው፤ መለዋወጫቸውም በየትኛውም የአሜሪካ ከተማ ይገኛል። ነዳጅ ይጠጣል፤ በጋሎን ከ7 እስከ 10 ማይል ነው የሚሄደው፣ ይህን ማንም ጋራዥ አያስተካክለውም። ባለቤቶችን የሚያስመርረው ግን ሞተሩ አይደለም፣ የቤቱ 12 ቮልት ነው። ማሞቂያው አይለኮስም፣ ፍሪጁ በየሰዓቱ ይጠፋል፣ ጄኔሬተሩ አይነሳም፣ የውኃ ፓምፑ ያቃስታል። ሰው ለእያንዳንዱ ብልሽት ለየብቻ ቦርድና ሞተር እየገዛ ይቀይራል። ብዙ ጊዜ ግን የአራቱም ምክንያት አንድ ነው፦ ባትሪው ላይ ያለው ቮልት ዕቃው ዘንድ አይደርስም። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ርካሽ ዲጂታል ቴስተር ነው።

ሞተሩ

ግማሹ የሞተሩ አካል ያለው በሹፌሩና በጎኑ በሚቀመጠው ሰው መካከል ካለው ትልቅ ሽፋን ሥር ነው። ሽፋኑን ሳይነቅል «ሞተሩን አየሁ» የሚል ሰው የፊቱን ብቻ ነው ያየው፤ የኋላዎቹ ካንዴላዎችና ለካንዴላዎቹ ኃይል የሚሰጡት ኮይሎች የሚደረሱት ከውስጥ ነው።

የእነዚህ ዓመታት ባለ ሁለት ቫልቭ ትራይተን አንድ የታወቀ ድክመት አለበት። ካንዴላው የሚታሰርበት የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጥርስ አጭር ነው፤ በቀደሙት ቴስታታዎች ላይ ካንዴላውን የሚይዘው አራት ጥርስ ያህል ብቻ ነው። ካንዴላው በጊዜ ብዛት ትንሽ ከላላ፣ የሲሊንደሩ ግፊት እየነቀነቀ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል፤ በመጨረሻም ካንዴላውን ከነኮይሉ አስፈንጥሮ ያወጣዋል። ምልክቱ ቀድሞ ይመጣል፦ ሞተሩ ጭነት ሲሰማው ፈጣን የትንፋሽ ድምፅ ይሰማል፣ በካንዴላው ጉድጓድ ውስጥም ጥላሸት ይታያል። የገዛችሁት መኪና የካንዴላ ታሪክ ከሌለው አሥሩንም ኮይሎች አንስታችሁ፣ ጉድጓዶቹን በአየር ጠርጋችሁ፣ የካንዴላዎቹን ጥብቀት በቶርክ መፍቻ ፈትሹ። ይህን ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ አድርጉ፤ በጋለ አሉሚኒየም ላይ የተፈታ ካንዴላ ጥርሱን ይዞ ይወጣል። አዲሱን ካንዴላ በመፍቻ አትጀምሩ። ጫፉን አጭር የጎማ ቱቦ ውስጥ ሰክታችሁ በጣት አዙሩት፤ ጥርሱ ተጣሞ ከገባ ጎማው በእጃችሁ ውስጥ ይንሸራተታል እንጂ ብረቱን አያበላሽም። ክፍተቱ ከ0.052 እስከ 0.056 ኢንች ነው።

ካንዴላው ወጥቶ ቢሆን እንኳ ቴስታታ መለወጥ አያስፈልግም። ታይም-ሰርት ለእነዚሁ የፎርድ ሞተሮች ያዘጋጀው 5553 የተባለ ኪት አለ፤ ጉድጓዱን አስፍቶ አዲስ ጥርስ ያወጣል፣ ከዚያም ጠንካራ የብረት እጅጌ ይተክልበታል። ሥራው ቴስታታው ሳይወርድ ይጠናቀቃል፤ አዲሱም ጥርስ ከፋብሪካው ይበልጥ ይይዛል። በጥቅል ሽቦ የተጠገነውን ግን አትመኑት፣ ተመልሶ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። ሻጩ «ተጠግኗል» ካለ በምን እንደተጠገነ ጠይቁና ደረሰኙን እዩ።

ዳገት ላይ መኪናው ሲንገጫገጭ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኮይል ነው። ኮድ ማንበቢያው ከፒ0301 እስከ ፒ0310 ያለውን ቁጥር ይሰጣችኋል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ሲሊንደሩን ይጠቁማሉ። ከ1 እስከ 5 ያሉት በተሳፋሪው ወገን፣ ከ6 እስከ 10 ያሉት በሹፌሩ ወገን ናቸው፤ ሁለቱም ከፊት ወደ ኋላ ይቆጠራሉ። የተጠረጠረውን ኮይል ከጎረቤቱ ጋር አለዋውጡና ንዱ። ኮዱ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ ኮይሉ ሞቷል፤ እዚያው ከቀረ ካንዴላውን፣ ቀጥሎ ኢንጀክተሩን እዩ። አሥሩንም በአንዴ መለወጥ የገንዘብ ብክነት ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከኮይሉ ሥር ያለው የጎማ ቡት ነው፣ እሱ ለብቻው ይሸጣል። ይህን ሞተር በውኃ ግፊት የሚያጥብ ሰው ጉድጓዶቹን በውኃ ሞልቶ በገዛ እጁ ብልሽት ይጠራል። የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ እግራችሁን ከነዳጁ አንሱና ዳር ያዙ፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ያቃጥላል።

ፒ0171 እና ፒ0174 አብረው ከወጡ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ከሞተሩ ኋላ ያለችውን የፒሲቪ (የሞተሩን የውስጥ ጭስ መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መስመር) ክርን ጎማ በእጃችሁ ዳስሱ። በዘይት ርሳ ለስልሳና ተጣብቃ፣ ወይም ከታች በኩል ተሰንጥቃ ታገኟታላችሁ። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ የምትፈጥረው ችግር ግን ያልተለካ አየር ወደ ሞተሩ ማስገባት ነው፣ ኮምፒዩተሩም ሁለቱንም ጎን «ነዳጅ አነሰው» ብሎ ይመዘግባል።

ጠዋት ሲነሳ የሚሰማና ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ «ጠቅ ጠቅ» የቫልቭ ሳይሆን የጭስ ማውጫ ማኒፎልዱ ብሎን መሰበር ምልክት ነው። ብረቱ ሲሞቅ ሰፍቶ ክፍተቱን ስለሚደፍነው ድምፁ ይጠፋል። ዕቃው ርካሽ፣ ጉልበቱ ውድ ነው። የተሰበረው ጉቶ ላይ ዳዶ በይደው በሙቀቱ የሚፈቱት ሰዎች ጋ ውሰዱት፤ በመሰርሰሪያ የሚጀምር መካኒክ ቴስታታውን ሊያበላሸው ይችላል።

ትራንስሚሽኑ ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2004 ድረስ 4አር100 የተባለው ባለ አራት ማርሽ፣ ከ2005 ጀምሮ ባለ አምስት ማርሹ ቶርክሺፍት ነው። ምርጫ ካላችሁ ባለ አምስቱ ዳገት ላይ ይሻላል። በአሮጌው ላይ የኦቨርድራይቭ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ትራንስሚሽኑ የራሱን ኮድ መዝግቧል ማለት ነው፤ አጥፍቶ ማስነሳት መብራቱን እንጂ ችግሩን አያጠፋም። የባለ አራት ማርሹ ዘይት ሜርኮን ቪ ነው። ቀለሙ ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ የሚሸት ከሆነ ከዋጋው ላይ የአንድ ትራንስሚሽን እድሳት ቀንሱ።

ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ አልነሳ ካለና ከነዳጅ ታንኩ የፓምፕ ድምፅ ካልተሰማ፣ በተሳፋሪው እግር ማስቀመጫ አካባቢ ያለችውን የግጭት ማጥፊያ ቁልፍ ፈልጉ። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በኃይል ሲገባ ነዳጁን ትቆርጣለች። የቤንዚን ሽታ አለመኖሩን አረጋግጡና ቁልፏን ወደ ታች ጫኗት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሪኮል (አምራቹ ለጥገና የሚያወጣው ጥሪ) ምርመራ ይቅደም። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ የፎርድ መኪኖች የክሩዝ ኮንትሮል ማጥፊያ ማብሪያ በፍሬን ማስተር ላይ የተሰካ ሲሆን ሁልጊዜ ከባትሪ ጋር የተገናኘ ነው። የፍሬን ዘይት ወደ ውስጡ ሲሰርግ መኪናው ጠፍቶ፣ ቆሞ እንኳ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ፎርድ በዚህ ምክንያት ሚሊዮኖች መኪኖችን በተከታታይ ጠርቷል፤ የመጨረሻው ትልቅ ጥሪ በ2009 የወጣው ነው፤ ኢኮኖላይኖችና (የኢ ተከታታይ መኪኖች) ለሞተርሆም የሚውሉት ኤፍ-53 ሻንሲዎችም አሉበት። ጥገናው በመካከል ፊውዝ ያለው ተጨማሪ ሽቦ ነው። የሻንሲውን ቁጥር በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ እዩ። ካልተሠራ፣ እስኪሠራ ድረስ የማብሪያውን ሶኬት ንቀሉት፤ የምታጡት ክሩዝ ኮንትሮሉን ብቻ ነው።

ቮልቱ የሚጠፋበት መንገድ

የቤቱ ባትሪ ከሞተሩ ባትሪ የተለየ ነው። መብራቱ፣ ፓምፑ፣ የማሞቂያው ፋን፣ የፍሪጁና የውኃ ማሞቂያው ቦርድ ሁሉ ከእሱ ይበላሉ። በጋዝ የሚሠራው ዕቃም ቢሆን ያለ 12 ቮልት አይለኮስም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «ጋዙ ሙሉ ነው፣ ማሞቂያው ለምን አይነሳም?»

ልኬቱን ከባትሪው ጀምሩ። የውጭውን ኤሌክትሪክ ንቀሉ፣ ባትሪውን ለጥቂት ሰዓታት ያለ ሥራ አሳርፉ፣ ከዚያ ጫፍ ለጫፍ ለኩ። 12.7 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ፤ 12.0 ሩብ ያህል። ከቻርጀር ላይ ገና የተነቀለ ባትሪ 13 ቢያሳይ ምንም አልነገራችሁም። ቀጥሎ ጫኑት፦ የማሞቂያውን ፋን፣ መብራቶቹን፣ ፓምፑን አብሩና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ሙሉ የነበረ ባትሪ በዚህ ጭነት ወደ 11.5 ከወረደ ቻርጅ አያድነውም።

ባትሪው ደህና ከሆነ ጥያቄው ቮልቱ በመንገድ ላይ የት ይቀራል የሚለው ነው። ዕቃው እየሠራ ሳለ የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ጫፍ ዕቃው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። ቴስተሩ የሚያሳየው በመንገድ የጠፋውን ቮልት ነው። እስከ 0.3 መልካም ነው፤ ከ0.5 በላይ ከሆነ የሚጸዳ መጋጠሚያ አለ። ከዚያ በኔጋቲቩ በኩል ድገሙት፦ አንዱ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላው ዕቃው ኔጋቲቭ ላይ። ጥፋቱ በየትኛው ወገን እንዳለ ካወቃችሁ ዕቃው ላይ ያለውን ጫፍ በሽቦው መንገድ ወደ ባትሪው እያቀረባችሁ ሂዱ፤ ንባቡ በድንገት የሚወርድበት ቦታ ላይ ችግሩን አልፋችሁታል።

ዕቃው ሳይሠራ መለካት ለምን እንደሚያታልል መረዳት ያስፈልጋል። የዛገ መጋጠሚያ 0.1 ኦም ብቻ ቢቃወም፣ ምንም ኃይል በማያልፍበት ጊዜ ሙሉ 12.6 ታያላችሁ። 8 አምፔር የሚበላ ፋን ሲነሳ ግን እዚያች ነጥብ ላይ 0.8 ቮልት ይቀራል። እንዲህ ያሉ ሦስት መጋጠሚያዎች ካሉ ፋኑ የሚያገኘው 10 ቮልት ያህል ነው።

ጥፋቱ የሚገኝባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አንደኛው የባትሪው ግራውንድ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት ብሎን ነው፤ ከታች ስለሆነ ጨውና ጭቃ ይበላዋል። ፈታችሁ ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት፣ ጥርስ ያለው ዋሸር አስገቡበት፣ ካጠበቃችሁ በኋላ ግሪስ ቀቡት። ሁለተኛው ባትሪው አጠገብ ያለው፣ ሁለት የመዳብ እግር ያላት ትንሽ አውቶማቲክ ብሬከር ናት። ሦስተኛው በበሩ አጠገብ ባለው «ባትሪ አጥፋ» ቁልፍ የሚታዘዘው ሪሌይ ሲሆን፣ ውስጡ ያሉት ጥርሶች ይቃጠላሉ። የፊውዝ ሳጥኑ ብሎኖችም በጉዞ ንቅናቄ ይላላሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ በካቻቪቴ ማጥበቅ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ባትሪውን ነቅላችሁ።

ማሞቂያው ይህን ሁሉ በግልጽ የሚያሳይ ዕቃ ነው። ቴርሞስታቱ ሲያዝ ፋኑ ይነሳል፣ ለ15 ሰከንድ ያህል ክፍሉን ያናፍሳል። ነፋሱ በቂ ከሆነ ሴይል ስዊች የምትባለውን ቀጭን ማብሪያ ይገፋታል፤ እሷ ስትዘጋ ብቻ ቦርዱ የጋዙን ቫልቭ ከፍቶ እሳት ይጭራል። ቮልቱ ሲያንስ ፋኑ ይዞራል፣ ግን ይዘገያል፤ ማብሪያዋ አትገፋም፤ ቦርዱም ጋዙን አይከፍትም። ባለቤቱ የሚሰማው ፋኑ ዝም ብሎ ሲዞር ነው። ያኔ ቦርድ ይገዛል። ከመግዛት በፊት ፋኑ እየዞረ ማሞቂያው ላይ ቮልት ለኩ፤ ከ10.5 በታች ከሆነ ማሞቂያው በዚህ ቮልት እንዲሠራ አልተሠራም። ቮልቱ ከ12 በላይ ሆኖ ካልለኮሰ ያኔ ማብሪያዋን እዩ፤ የውሻ ፀጉርና አቧራ ይዟት ይሆናል። ማብሪያዋም ደህና ከሆነች የጋዙ ግፊት ይለካ፤ 11 ኢንች የውኃ ዓምድ መሆን አለበት። ቦርዱ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው።

ኮንቨርተሩ፦ መጀመሪያ የምትለውጡት ዕቃ

በእነዚህ ዓመታት ብዙ ሞተርሆሞች የወጡት ማግኔቴክ 6300 ተከታታይ ኮንቨርተር ይዘው ነው። 120 ቮልቱን ወደ 12 ይለውጣል፤ ሲሠራ ያጉረመርማል፤ ባትሪው ቢሞላም ባይሞላም የመሙያውን ቮልት አያስተካክልም። ሞተርሆሙ ወራት ሙሉ ተሰክቶ ሲቆም የባትሪው ውኃ እየፈላ ያልቃል፣ ሳህኖቹ ይደርቃሉ። በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ ባትሪ የለወጠ ባለቤት ካለ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም።

በቦታው የሚገባውና በሙሉ ልብ የሚመከረው ፕሮግረሲቭ ዳይናሚክስ ፒዲ4655 ነው፤ 55 አምፔር ይሰጣል። ሳጥኑን ሳትነቅሉ የታችኛውን ክፍል ብቻ ነው የምትለውጡት፤ አዲስ የ12 ቮልት ፊውዝ ቦርድም አብሮት ይመጣል። ዋጋ የሚያወጣው ባትሪውን እያየ ቮልቱን መቀያየሩ ነው፦ ባዶ ሲሆን 14.4፣ ከሞላ በኋላ 13.6፣ ለ30 ሰዓት ያህል ማንም ካልተጠቀመበት 13.2 ላይ ያርፋል። እዚያ ባረፈበት ጊዜ በየ21 ሰዓቱ ለ15 ደቂቃ ወደ 14.4 ከፍ እያለ አሲዱ ከሥር እንዳይረጋ ያደርጋል። ለሊቲየም ባትሪ ግን ለሊቲየም የተሠራው ሌላው ሞዴል ነው የሚያስፈልገው፤ ይሄኛው በወጉ አይሞላላችሁም።

ሥራው ለጠንቃቃ ሰው የግማሽ ቀን ነው። የውጭውን ገመድ ንቀሉ፣ ጄኔሬተሩን አጥፉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፤ ሣጥኑ ውስጥ 120 አለመቅረቱን በቴስተር አረጋግጡ። ፎቶ አንሱ፣ እያንዳንዱን ሽቦ በቴፕ ላይ ጻፉበት። በ120 በኩል ጥቁሩ ወደ ብሬከር፣ ነጩ ወደ ኒውትራል፣ አረንጓዴው ወይም ባዶው ወደ ግራውንድ ይሄዳል። ኒውትራልና ግራውንድ በሞተርሆም ሳጥን ውስጥ መገናኘት የለባቸውም፤ ቤት ውስጥ የሠራ ኤሌክትሪሻን በልማድ ቢያገናኛቸው የመኪናው አካል ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። በ12 በኩል እያንዳንዱን መስመር የነበረውን ፊውዝ መጠን ጠብቃችሁ መልሱ፤ 15 የነበረውን 20 ማድረግ ሽቦውን ማቃጠል ነው። ወደ ባትሪው የሚሄደው ኬብል ከ6 ጌጅ አይቅጠን፣ ባትሪው አጠገብም ፊውዝ ይኑረው። ባትሪውን ከመመለሳችሁ በፊት ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን ሁለት ጊዜ እዩ። ለቅጽበት ከተገላበጠ ቦርዱ ላይ ያሉት መከላከያ ፊውዞች ይቃጠላሉ፤ ኮንቨርተሩ ተበላሽቷል ተብሎ ከሚመለሰው ውስጥ ቀላል የማይባለው ምክንያቱ ይህ ነው። በመጨረሻ የውጭውን ገመድ ሰክታችሁ ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13.2 በታች ካያችሁ ፊውዞቹን ፈትሹ።

እየነዳችሁ የቤቱ ባትሪ አልሞላ ካለ ዲናሞውን አትጠርጥሩ፤ በሁለቱ ባትሪዎች መካከል ያለውን ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚዘጋ ትልቅ ማብሪያ) ነው። ሞተሩ ሲሠራ በሁለቱ ትላልቅ እግሮቹ ላይ ለኩ። ሁለቱም 14 አካባቢ መሆን አለባቸው። በመካከላቸው ከ0.2 በላይ ልዩነት ካለ ውስጡ ተቃጥሏል። ስትገዙ ለቀጣይ ሥራ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ፤ የሞተሪኖ ሶሌኖይድ መልኩ ተመሳሳይ ነው፣ ግን ለሰከንዶች የተሠራ ስለሆነ በአንድ ጉዞ ይቃጠላል።

የ30 አምፔሩ ሶኬት

ይህ በተለይ 220 ቮልት ለምዶ ላደገ አንባቢ ነው። የሞተርሆሙ ባለ ሦስት እግር 30 አምፔር ሶኬት 120 ቮልት ብቻ ነው። ቤታችሁ ግቢ እንዲተከል ስትጠይቁ፣ መልኩን የልብስ ማድረቂያ ሶኬት የመሰለው ኤሌክትሪሻን ሁለት ሙቅ (ኤሌክትሪክ የያዘ) መስመር አስገብቶ 240 ሊያደርገው ይችላል። በዚያ የተሰካ ሞተርሆም ኮንቨርተሩ፣ ማይክሮዌቩ፣ የፍሪጁ ማሞቂያ በሰከንድ ውስጥ ይቃጠላሉ። ከመሰካታችሁ በፊት ለኩ፦ ከሙቁ ወደ ኒውትራል 120፣ ከሙቁ ወደ ግራውንድ 120፣ ከኒውትራል ወደ ግራውንድ ዜሮ አካባቢ። ሌላ ቁጥር ካያችሁ አትሰኩ።

ፍሪጁ

ፍሪጁ ኮምፕሬሰር የለውም፤ አሞኒያ በሙቀት እየፈላ ነው የሚያቀዘቅዘው። ሙቀቱ ከጋዝ ወይም ከ120 ቮልት ማሞቂያ ዘንግ ይመጣል፣ ቦርዱ ግን ከ12 ነው የሚሠራው። በ120 አልቀዘቅዝ ብሎ በጋዝ ካቀዘቀዘ ዘንጉን ነቅላችሁ ኦሙን ለኩ፦ 325 ዋት የተጻፈበት ዘንግ 44 ኦም ያህል ማሳየት አለበት፤ መስመሩ ከተቆረጠ ማለቂያ የሌለው ያሳያል። በተቃራኒው በ120 እያቀዘቀዘ በጋዝ እምቢ ካለ በርነሩን ፈታችሁ ጥረጉ፤ ዝገትና የሸረሪት ድር ነበልባሉን ቢጫ ያደርጉታል፣ ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት። በሁለቱም ካላቀዘቀዘ፣ ከውጭ ባለው መስኮት በኩል ቢጫ ዱቄት ፈልጉ። ቢጫው ከአሞኒያው ጋር ያለው ዝገት መከላከያ ነው፤ ከታየ ማቀዝቀዣው ክፍል ፈስሶ አልቋል፣ ቦርድ መለወጥ ከንቱ ነው።

መኪናውን ዘንበል አድርጎ ለሰዓታት ማቆም ይህን ፍሪጅ ይገድለዋል፤ ፈሳሹ ወደ ማፍያው ሳይመለስ ይቀርና ማፍያው ይደርቃል። በጎን ከ3 ዲግሪ፣ በፊትና ኋላ ከ6 ዲግሪ አይለፍ። ዶሜቲክ ደግሞ ከ1997 እስከ 2003 የሠራቸውን ብዙ ባለ ሁለት በር ሞዴሎች በእሳት ሥጋት በ2006 ጠርቷል፣ በ2008ም ቀጥሎ የተሠሩትን አክሏል። የፍሪጁን ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር ከውስጥ ግድግዳው ላይ ገልብጣችሁ ለብቻው አጣሩ፤ የመኪናው ሻንሲ ቁጥር የፍሪጁን ጥሪ አያሳይም።

ጄኔሬተሩና የቀሩት

የኦናን 4000 ሞት ብዙውን ጊዜ ካለመሥራት ይመጣል። በኤታኖል የተቀላቀለ ቤንዚን ካርቡረተሩ ውስጥ ለወራት ሲቆይ ወደ ሙጫ ይለወጥና ቀጭኑን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ምልክቱ ተነስቶ ከፍ ዝቅ እያለ መሥራቱ፣ ወይም ጭነት ሲሰጠው መጥፋቱ ነው። መድኃኒቱ በወር አንድ ጊዜ ለሁለት ሰዓት፣ ቢያንስ በግማሽ ጭነት ማሠራት ነው፤ ኤሲውን አብሩበት። ጨርሶ አልነሳ ካለ መጀመሪያ የነዳጅ መለኪያውን እዩ። መኪናው ነዳጅ ጨርሶ በረሃ እንዳይቀር ሲባል የጄኔሬተሩ ቱቦ ታንኩ ሩብ ሲደርስ መሳብ እንዲያቆም ሆኖ ነው የተሠራው። ቀጥሎ ባትሪውን፤ የሚነሳው ከቤቱ ባትሪ ስለሆነ ከላይ ያለው የግራውንድ ብሎን እዚህም ይፈርድበታል። ቁልፉን ተጭናችሁ እስካላችሁ ሠርቶ ስትለቁት ከጠፋ ደግሞ የዘይት መጠኑንና ጄኔሬተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ማመንጨቱን ተመልከቱ፤ ብሩሾቹ አልቀው ይሆናል።

የውኃ ማሞቂያው አትዉድ ከሆነ ጋኑ አሉሚኒየም ነው፣ አኖድ (በጋኑ ፈንታ ዝገቱ የሚበላው ዘንግ) አይፈልግም። ሰበርባን ከሆነ ብረት ስለሆነ አኖዱ ሦስት አራተኛው ሲያልቅ ይለወጣል፤ በ1 1/16 ኢንች ቁልፍ ይፈታል፣ መጀመሪያ ግፊቱንና ሙቀቱን አውጡ።

ጣሪያው የሚያስፈራ ነገር ነው፣ በተለይ ከጋቢናው በላይ ያለው አልጋ ጥጎች። ከጋቢናው በላይ ያሉት ትናንሽ መብራቶች ጋስኬት ሲደርቅ ውኃው በእንጨቱ ውስጥ ይወርዳል፣ መብራቶቹም ግራውንዳቸውን ያጣሉ፤ አንድ የማይበራ መብራት ስታዩ ፍራሹን አንሱና ጥጉን በአውራ ጣት ጫኑት። ከለሰለሰ ያንን መኪና ተዉት፣ የሞተሩ ጥሩነት አይካሰውም። ለጎማ ጣሪያ ማሸጊያው ዳይኮር የተባለው ነው፣ ሲሊኮን ከቶ አትቀቡበት። ጎማዎቹ ስድስት ናቸው፤ ጥርሳቸው ገና ሙሉ ቢሆንም ጎናቸው ላይ ባለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ዕድሜያቸውን አንብቡ፤ 1417 ማለት የ2017 14ኛ ሳምንት ነው፤ ሰባት ዓመት ያለፈውን ለውጡ። የውስጠኛው የኋላ ጎማ ቁጥር ወደ ውስጥ ዞሮ ሊሆን ስለሚችል ከመኪናው ሥር ገብታችሁ በባትሪ መብራት እዩት።

ለመግዛት ስትሄዱ ሻጩ መኪናውን አስቀድሞ እንዳይሰካው በስልክ ለምኑ። ስትደርሱ በባትሪ ብቻ ማሞቂያውን ለሃያ ደቂቃ አሠሩ፣ እየሠራ ማሞቂያው ላይ ቮልቱን ለኩ፣ ከዚያ ጄኔሬተሩን በዚያው ባትሪ አስነሱ። ይህን ካለፈ ሞተሩን ወደ ማስነሳት ሂዱ። ሻጩ ሰክቶ ከጠበቃችሁና «ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው» ካላችሁ ግን፣ ነቅላችሁ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ተመለሱ።